የተማረከው ብረት ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በኢጣልያ አገር ተሠርቶ፣ በመርከብና በባቡር ተጭኖ ወደ አገራችን ስለ ገባው፣ በዓለም የእሽቅድምድም ሜዳ ስሙ ስለ ገነነው፣ በመጨረሻም በካዛንቺስና በቂርቆስ ጋራዦች ስለ ተማረከው ብረት ይህን ዜና እንጽፋለን። የምንጽፈውም ባለ መኪናውን ለማወደስ አይደለም። እጃቸው በዘይት ለጠቆረ፣ ጀርባቸውን መሬት ላይ አድርገው ከሞተር ሥር ዕድሜያቸውን ለፈጁ የሰፈራችን መካኒኮች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ነው። የነገሥታትን ዜና የጻፉ ሊቃውንት ሞልተዋል። ብረት ሠሪ ግን በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯልና ዜናውን የሚጽፍለት አላገኘም። ቅዱስ መጽሐፍ ግን አልናቀውም፤ የናስና የብረት ሥራ የጀመረውን ቱባልቃይንን በስሙ ጠርቶታል።

ምዕራፍ አንድ፤ ብረቱ ስለ ተወለደበት ዘመን

በ1888 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 23 ቀን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዓድዋ ድል አደረጉ። የኢጣልያ መድፍና ጠመንጃ ምርኮ ሆኖ ወደ ሸዋ ተጓዘ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር 1891 ዓ.ም.፣ ፊያት የተባለው የመኪና ማኅበር በቶሪኖ ከተማ ተመሠረተ። በጦር ሜዳ ያፈረ ሕዝብ ክብሩን በሌላ ሜዳ ሊፈልግ ተነሣ።

በ1898 ዓ.ም. ቪንቼንሶ ፍሎሪዮ የተባለ የሲሲሊያ ባለጸጋ በተራራማው አገሩ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመኪና እሽቅድምድም መሠረተ፤ ስሙንም ታርጋ ፍሎሪዮ አለው። ታርጋ በእነርሱ ቋንቋ ሰሌዳ ማለት ነው። ዛሬ በየመኪናችን ፊትና ኋላ የምንለጥፈውን ታርጋ ስንል ያንኑ ቃል መጥራታችን ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1899 ዓ.ም.፣ ፌሊቼ ናዛሮ የሚባል የቶሪኖ ሰው በፊያት መኪና ታርጋ ፍሎሪዮን አሸነፈ፤ በጀርመን የቄሣሩን ዋንጫ ወሰደ፤ በፈረንሳይም ታላቁን ሽልማት አነሣ። በአንድ ዓመት ሦስቱን ሁሉ አንድ ሰው ስላሸነፈ የፊያት ስም በአውሮፓ ገነነ።

በ1900 ዓ.ም. በንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አንዲት መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ሳይፈሩ ተቀመጡባት። አዲስ ነገር አይቶ የማይሸሽ ንጉሥ ለአገሩ በረከት ነው።

ምዕራፍ ሁለት፤ በኑርበርግሪንግ ስለ ሆነው ድል

አሁን ታላቁን ድል እንናገራለን። በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ 21 ቀን፣ የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ በዓል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ በጀርመን አገር በኑርበርግሪንግ የዓመቱ ታላቅ እሽቅድምድም ሆነ። መንገዱ በጫካና በተራራ መካከል የተጠማዘዘ ነው፤ አንዱ ዙር ከ22 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ዙሩም 22 ነበር። የጀርመን መንግሥት መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን የተባሉትን ፋብሪካዎች በገንዘብ ይረዳቸው ነበር። ዘጠኝ የብር ቀለም ያላቸው መኪኖች ተሰለፉ፤ ጉልበታቸውም እጅግ የበረታ ነበር።

በእነርሱ ፊት ታትሲዮ ኑቮላሪ የተባለ የኢጣልያ ነጂ ቆመ። ሰውነቱ ትንሽ፣ ዕድሜው 42 ነበር። የያዘውም ቀይ አልፋ ሮሜዮ ነው፤ ጊዜ ያለፈበት፣ ጉልበቱ ከጀርመኖቹ በብዙ ያነሰ። መኪናውን ያሰለፈው ኤንዞ ፌራሪ የተባለ የሞዴና ሰው ነበር፤ ይህ ሰው በዚያን ጊዜ የራሱን መኪና ገና አልሠራም፤ የአልፋ ሮሜዮን መኪኖች ይዞ የሚያሽቀዳድም ማኅበር ግን በ1922 ዓ.ም. መሥርቶ ነበር።

ኑቮላሪ በመንገዱ አጋማሽ መሪነቱን ያዘ። ነዳጅ ሊሞላ በቆመ ጊዜ ግን የነዳጁ ፓምፕ ተሰበረ። ረዳቶቹ በእጅ እየገለበጡ ሞሉለት። ጀርመኖቹ ፈጥነው ሞልተው ሲወጡ እርሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆመ፤ ወደ ስድስተኛም ወረደ። ያን ጊዜ የሚያየው ሁሉ ነገሩ አበቃ አለ። እርሱ ግን ተመልሶ ገባና አንዱን ከአንዱ በኋላ አለፈ። በመጨረሻው ዙር ከፊቱ የቀረው ጀርመናዊው ነጂ ፎን ብራውኺች ብቻ ነበር። ኑቮላሪ እያሳደደው ሲሄድ ያ ሰው ጎማውን ሳይቆጥብ ነዳ፤ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጎማው ፈነዳ። ቀዩ አልፋ ሮሜዮ አልፎት ገባ። ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በባዕድ አገር፣ በደካማው መኪና ብርቱው ሰው አሸነፈ።

ይህን ያህል ማስፋታችን ድሉ ስለሚገባው ነው። ችሎታ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በማንም እጅ ቢገኝ ይመሰገናል። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ ያው የኢጣልያ አገር ብረቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረው።

ምዕራፍ ሦስት፤ ስለ ደንበጉይናና ስለ ጫጫ

በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 22 ቀን፣ ፋሺስት ኢጣልያ ጦርነት ሳታውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረች። ፊያትና አንሳልዶ የሠሯቸው ትናንሽ ታንኮችም አብረው መጡ። ሁለት ሰው ይይዛሉ፤ መትረየሳቸው ወደ ፊት የተተከለ ነው፤ ወደ ኋላ መዞር አይችልም።

ይህን የኢትዮጵያ ልጆች አስተዋሉ። ታኅሣሥ 5 ቀን በደንበጉይና በር፣ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ግንባር ቀደም የነበሩት ፊታውራሪ ሽፈራው ከጠላት ጋር ተገናኙ። ተራራው ጠባብ ነበር። የእኛ ሰዎች ከፊት ወደሚተኩሰው ብረት አልሮጡም፤ ከጎንና ከኋላ ሄደው ጀርባው ላይ ወጡ። ሰንሰለቱን በድንጋይና በግንድ አስያዙት፤ ውስጡ ያለውንም አስወጡት። ከታንኮቹ የተቃጠሉ ነበሩ፤ የተማረኩም ነበሩ። በኢጣልያ የተቀጠቀጠው ብረት ጎራዴ በያዘ ባላገር እጅ ወደቀ። የዚያን ቀን ዝና በሽሬ ተራራ ሁሉ ተሰማ። ጠላት በመርዝ ጢስ ካልሆነ በቀር ያን የመሰለ ሠራዊት እንደማይገፋ ያወቀው በእንዲህ ያሉ ቀኖች ነው።

በሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ ከሺህ በሚበልጡ መኪኖች ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ዝናብና ጭቃ ያዘው፤ በጣርማበርም መንገዱ ተሰብሮ ጠበቀው። ሚያዝያ 26 ቀን ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ በጫጫ አድፍጠው ጉዳት አደረሱበት። መኪና ፈጥኖ ይሄዳል፤ አርበኛ ግን አገሩን ያውቃል። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱም ለአገራቸው ፍርድ ሊጠይቁ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ሄደው ነበር።

በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈሰሰውን ንጹሕ ደም ብዕር አይገልጸውም። በዚያው ደም ላይ ቤት ተሠራ። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የኢጣልያ መሥሪያ ቤት ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶቹም ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፤ ካዛ ማለት ቤት ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ለተራው ሕዝብ የተሠራው ሰፈር ፖፖላሬ ተባለ። ባለቤቱ ሄዶ ስሙ እንደ ምርኮ ቀረ።

ምዕራፍ አራት፤ ስለ ሚያዝያ 27 እና ስለ ምሕረቱ

በ1933 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት በገባባት በዚያችው ዕለት፣ በአምስተኛው ዓመት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። ከእንጦጦ ማርያም ጸልየው ወረዱ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ቀደመ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ክፍት በሆነ አልፋ ሮሜዮ ተቀምጠው ተከተሉ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። በኑርበርግሪንግ ተራራ ያሸነፈው ቤት የሠራው መኪና፣ ለሠራችው ለኢጣልያ ሳይሆን ለኢትዮጵያ ንጉሥ የድል ሠረገላ ሆነ። እልልታው ከእንጦጦ እስከ ታላቁ ቤተ መንግሥት አልተቋረጠም። ወታደሩ ያለቅስ ነበር፤ እናቶች አፈር ይስሙ ነበር። የእግዚአብሔር ፍርድ ትዘገያለች እንጂ አትቀርም።

በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝባቸው ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ከዚህም የተነሣ ብዙ የኢጣልያ ሠራተኞች በአገራችን ቀሩ፤ ግንበኛው፣ አናጢው፣ መካኒኩ። ያ ምሕረት ጋራዥ ሆነ። ትናንት የተፈራው ሰው ዛሬ መፍቻ ይዞ ሲሠራ፣ አጠገቡ የቆመ የእኛ ልጅ ዕቃ እያቀበለ አየ፤ እያየም ተማረ።

የተማረው የብረቱን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ቃሉንም ማረከ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፤ እነዚህ ሁሉ የኢጣልያ ቃሎች ነበሩ። እነርሱ ካሜራ ዳሪያ፣ ማለትም የአየር ክፍል፣ ያሉትን የእኛ ሰው ከመነዳሪ አለው፤ ከዚያ ወዲያ የማን ቃል እንደሆነ የጠየቀ የለም። የተማረከ ቃል ባለቤቱ አይመልሰውም።

ምዕራፍ አምስት፤ ስለ ጥቁሩ ፈረስ፣ ስለ ጊንጡና ስለ ጳጉሜን ሩጫ

በ1939 ዓ.ም. ኤንዞ ፌራሪ በስሙ የተጠራውን የመጀመሪያ መኪና ከማራኔሎ አወጣ። ግንቦት 3 ቀን መኪናው በፒያቼንሳ ውድድር ሲመራ ቆይቶ ተበላሽቶ ቆመ። ግንቦት 17 ቀን ግን በሮም ፍራንኮ ኮርቴዜ አሸነፈለት። ምልክቱም በኋላ እግሩ የቆመ ጥቁር ፈረስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞተው የአውሮፕላን ነጂ የፍራንቼስኮ ባራካ ምልክት ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ በዚያችው ቀን፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ አጠገብ በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። አዳራሹን የነደፈው አርቱሮ ሜትሴዲሚ ኢጣልያዊ ነበር፤ የተፈረመበት ቃል ግን የነፃነት ቃል ነው። በ1928 ዓ.ም. ብቻዋን የቀረች አገር በ1955 ዓ.ም. ከ30 በላይ የአፍሪካ መሪዎችን በደጇ አስቀመጠች።

በ1943 ዓ.ም. ሐምሌ 7 ቀን በእንግሊዝ አገር በሲልቨርስቶን፣ ፌራሪ የድሮ ጌታውን አልፋ ሮሜዮን በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ፤ ነጂውም የአርጀንቲናው ጎንሳሌስ ነበር። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. አልቤርቶ አስካሪ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1949 ዓ.ም. ሚሌ ሚልያ በተባለው እሽቅድምድም አደጋ ደርሶ ኀዘን ሆነ፤ ከዚያ ወዲያም ውድድሩ በዚያ መልክ አልተደረገም።

በ1947 ዓ.ም. ፊያት 600 የተባለችውን ትንሽ መኪና አወጣ፤ የነደፋትም ዳንቴ ጃኮዛ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ መጠኑም 633 ሲ.ሲ. ብቻ። እኛ ሴቼንቶ አልናት። ካርሎ አባርት የሚባል ሰው በቶሪኖ ይህችኑ ትንሽ መኪና ወስዶ ጉልበቷን እጥፍ አደረገው፤ የጊንጥ ምልክት ለጠፈባት፤ በክፍሏም ብዙ ድል አገኘች። በአዲስ አበባም በታክሲነት ተሰለፈች። ታናሽ ብትሆንም ዘሯ የተከበረ ነው። ፊያት 682 የሚባለውን የጭነት መኪና ኢጣልያኖች የአፍሪካ ንጉሥ ይሉት ነበር፤ እኛ ኤንትሬ አልነው። እህሉንም ቡናውንም ከአገር አገር ያመላለሰ እርሱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ነሐሴ 29 ቀን፣ በሞንዛ የፌራሪ ሦስት መኪኖች ተከታትለው ገቡ፤ ፊል ሂል አንደኛ ሆነ። ኢጣልያ በደስታ ሰከረች። በስድስተኛው ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጠ። በአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፈ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ሞተር የምታመልክ አገር በዚያች ሌሊት ጫማ እንኳ ያላደረገ እግር ፊቷ ላይ ሲያልፍ ቆማ አየች። የእኛ ምርኮ ይህ ነው። በ1961 ዓ.ም. ይኸው ጀግና ራሱ በሚነዳው መኪና ተጎዳ፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።

ምዕራፍ ስድስት፤ ስለ ጋራዡ

አሁን ዓይኔ ያየውን እጽፋለሁ። በልጅነቴ ዕቃ አቀባይ ሆኜ የሠራሁበት ጋራዥ ከካዛንቺስ መናኸሪያ ብዙ አይርቅም ነበር። ያስተማረኝን ሰው ጋሼ እንለው ነበር። ሥራ ሳይጀምር ወደ ቅዱስ ኡራኤል ዞሮ ያማትባል፤ ከዚያ ቱታውን ይለብሳል።

አንድ ቀን የሴቼንቶ ታክሲ መጣች፤ ሞተሯ ይቆራርጣል። ሹፌሩ ብዙ ተናገረ፤ ጋሼ ግን ዝም በል ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው። የኋላ ክዳኑን ከፍቶ የረዥሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ አራቱን ሲሊንደር ተራ በተራ አዳመጠ። ከዚያ ሦስተኛው ነው አለኝ። ካንዴላውን ፈታሁት፤ ጫፉ በጥላሸት ተለብጧል። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ፈተገው፤ ጥርሱን በቀጭን ላሜራ ለካው፤ መልሶ አሰረው። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ አዞረና ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ እንደ ልብ ምት ተስተካከለ። ሹፌሩ የጋሼን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ ጋሼም ከለከለው።

የዚያን ዕለት ስለ ጊንጡ ምልክት የነገረኝ እርሱ ነው። በእሽቅድምድም የሚሮጡት ሴቼንቶዎች አየር እንዲያገኙ የኋላ ክዳናቸውን ከፍተው እንደሚሮጡ ነገረኝ፤ የታክሲዋንም ክዳን በእንጨት ደግፎ ከፍ አደረገላት። ጣልያኖቹ በሜዳ የሚያደርጉትን እርሱ ካዛንቺስ ላይ አደረገ። እስከ ዛሬ ሞተር ስሰማ በዚያ እጀታ አሰማለሁ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ ብዙ ነገር ሆነ፤ ቤንዚንም በኮታ ሆነ። ሴቼንቶዋ ግን ሮጠች፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ጋሼና ጓደኞቹ ከአሮጌው እየቆረጡ አዲስ ሠሩላት።

በ1980 ዓ.ም. ነሐሴ 8 ቀን ኤንዞ ፌራሪ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን የተደረገው የፎርሙላ አንድ ውድድር ሁሉ የእንግሊዙ የማክላረን ነበር፤ የሚገዳደረው አልተገኘም። መስከረም 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የእኛ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ በሞንዛ ሁለት ዙር ሲቀር የሚመራው አይርተን ሴና ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ። የፌራሪ ሁለት መኪኖች፣ ጌርሃርድ ቤርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ፣ ተከታትለው ገቡ። ባለቤቱ ካረፈ ወር ሳይሞላ ቤቱ በገዛ አገሩ አሸነፈ። ማክላረን በዚያ ዓመት ከ16 ውድድር ያጣው ይህን አንዱን ብቻ ነው። አዲስ ዓመት ለኀዘንተኛ ቤት እንዲህ ያለ መጽናኛ ይሰጣል፤ የእግዚአብሔር ጥበቡ ብዙ ነው።

ከዚያም ሚካኤል ሹማኸር ለፌራሪ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና አመጣ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሌላ ጸሐፊ ይጽፈዋል። በሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ፌራሪ በሌ ማን የ24 ሰዓቱን ውድድር ከ58 ዓመት በኋላ እንደገና አሸነፈ።

ምዕራፍ ሰባት፤ መዝጊያ

በ2017 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ከተማይቱ መንገዷን ልታሰፋና ልታስውብ ስለ ፈለገች የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ስፍራቸውን ለቀቁ፤ ነዋሪውም ወደ ተሰጠው ሰፈር ሄደ።

ቤት ይፈርሳል፤ መኪናም ይዝጋል። ያልፈረሰው ምርኮ በሰው እጅና በሰው አፍ ያለው ነው። ዛሬ ከካዛንቺስ የተነሣ መካኒክ በሌላ ሰፈር በጃፓን መኪና ላይ ጎንበስ ሲል፣ ለልጁ አቀብለኝ የሚለው ካቻቢቴና ካንዴላ ነው። ካንዴላ በኢጣልያኖች ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ጠርጎና ነፍቶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ ጫፉ መንጣቱን ሲያይ ይሰጣል። በቂርቆስ ደጅ እናቱ የምታበራው ጧፍና በእጁ ያለው ካንዴላ ሁለቱም ለብርሃን ናቸው።

ይህን የጻፈውን፣ ያነበበውን፣ ያሰማውን፣ ሁላችንንም እግዚአብሔር በመንገድ ይጠብቀን። የእነዚያን በዘይት የጠቆሩ እጆች ድካም አይርሳ። ለዓለመ ዓለም፤ አሜን።